ዝም ያለው ሴንሰር፦ በደብረ ብርሃን አንድ የጫጩት ቤት የሙቀትና የእርጥበት መከታተያ ስንገጥም የሆነው

ይህ ጽሑፍ በአንድ የጫጩት ቤት ውስጥ ስለገጠምነው ትንሽ መሣሪያ ነው። አንድ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ አንድ ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ሦስት ሽቦ። ሽቦውን ማገናኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። መሣሪያው የሚታመን እስኪሆን ግን ሦስት ሳምንት ሄደ። በመሃል 11 ጫጩት ሞተ። ተመሳሳይ ነገር ሊሰራ የሚያስብ ሰው የእኛን መንገድ ከመጀመሪያው እንዳይደግመው ብዬ በዝርዝር አስቀምጬዋለሁ። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

ቦታውና ሰዎቹ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በሰሜን ምስራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ከህዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለማንም አይራራም። ጠዋት ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ እየተቀነሰለት ይለምዳል። ላባ እስኪያወጣ ድረስ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም።

ባለጉዳይዋ በከተማው ዳር የሚኖሩ እናት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። 200 ጫጩት ተረክበዋል። የጫጩቱ ቤት ግድግዳው ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ቆርቆሮ ነው፤ ጣራውም ቆርቆሮ። ሁለት ቀይ የማሞቂያ አምፖል ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ ነፋስ እንዳይገባ አሮጌ የመንዝ ባና ተሰቅሏል። ከዚህ በፊት በነበረው ዙር ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሱ ነበር የሚያዩት። ያም ሆኖ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጥሏቸው ብዙ ጫጩት ሞቶባቸዋል።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው የምሰራው። ጉዳዩን ወደ እኔ ይዛ የመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ናት። ሙቀት የሚለካ ነገር ከስልክ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል አይታለች። እትዬ የፈለጉት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። «ልጄ፣ ቁጥር አልፈልግም። ሌሊት ልተኛ፤ ሲበርድባቸው ቀስቅሰኝ» አሉኝ። ይህን ቃላቸውን መጀመሪያውኑ በደንብ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ብዙው ስህተት አይደርስም ነበር።

የመረጥነው ዕቃ

ሴንሰሩ ዲኤችቲ22 ነው። ርካሹ ዲኤችቲ11 ሙቀትን ሲለካ እስከ 2 ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ዲኤችቲ22 ግን እስከ ግማሽ ዲግሪ። በ32 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት ለጫጩት ትልቅ ነገር ስለሆነ የዋጋው ብልጫ ይገባዋል።

ቦርዱ ኖድኤምሲዩ ነው፤ ላዩ ላይ ኢኤስፒ8266 ቺፕ አለ። በዩኤስቢ ገመድ ኮድ ይጫንበታል። እዚህ ላይ አንድ ከሰዓት የበላን ነገር ገመዱ ነበር። ስልክ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ውስጡ የዳታ ሽቦ የሌለው ገመድ ብዙ አለ። ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላይ ሲል ከሁሉ በፊት ገመድ መቀየር ነው።

ሦስቱ ሽቦ

ባዶው ሴንሰር አራት እግር አለው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፊቱ ወደ እኛ ሲዞር ከግራ የመጀመሪያው ኃይል፣ ሁለተኛው ዳታ፣ ሦስተኛው ምንም የማይሰራ፣ አራተኛው ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ) ነው። በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ የሚሸጠው ግን ሦስት እግር ብቻ አለው፤ ቅደም ተከተሉም እንደ አምራቹ ይለያያል። ከሥዕል አይቶ ከመሰካት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። ኃይልና ግራውንድ ከተገላበጡ ሴንሰሩ ይግልና ሊቃጠል ይችላል።

ኃይሉን ከቦርዱ 3.3 ቮልት ፒን (ሽቦ ከሚሰካበት እግር) ወሰድን። የኢኤስፒ8266 ፒኖች የተሰሩት ለ3.3 ቮልት ነውና ሁሉም በአንድ ቮልቴጅ መሆኑ ደህና ነው።

ዳታውን በመጀመሪያ ዲ4 የሚል የተጻፈበት ፒን ላይ ሰካነው። የምናያቸው ምሳሌዎች ብዙዎቹ እንዲያ ስለሚያደርጉ ነው። ዲ4 ግን ቺፑ ራሱ ጂፒአይኦ 2 ብሎ የሚያውቀው ፒን ነው። ቦርዱ በሚነሳበት ቅጽበት የዚህ ፒን ቮልቴጅ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘ በትክክል አይነሳም። ዲ3 እና ዲ8 ላይም የየራሳቸው የመነሻ ግዴታ አለ። መብራት በየጊዜው በሚሄድበትና ቦርዱ ደጋግሞ በሚነሳበት ቤት ይህን ዕድል መተው የለብንም ብለን ወደ ዲ2 አዛወርነው።

በዳታውና በኃይሉ መስመር መካከል ፑል አፕ የሚባል ሬዚስተር ይገባል። ሴንሰሩ የሚያወራው የዳታውን መስመር ወደ ታች እየሳበ ነው። ማንም ሳይስበው መስመሩን ወደ ላይ የሚመልሰው ይህ ሬዚስተር ነው። እኛ ባዶውን ሴንሰር ስለገዛን ራሳችን ማስገባት ነበረብን፤ መጀመሪያ ግን ዘለልነው። ጠረጴዛ ላይ በአጭር ሽቦ ሠራ። የጫጩት ቤት ወስደን ሽቦውን ሦስት ሜትር ስናደርገው ስክሪኑ ላይ ሙቀት ሳይሆን «ናን» የሚል ቃል መጣ። «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው።

የዚህ ቃል አመጣጥ ኋላ ስለሚያስፈልገን ልግለጸው። ሴንሰሩ በአንድ ጥያቄ 40 ቢት ይመልሳል። 16ቱ እርጥበት፣ 16ቱ ሙቀት፣ የቀሩት 8ቱ የማረጋገጫ ድምር ናቸው። ድምሩ ካልገጠመ፣ ወይም ከነጭራሹ መልስ ካልመጣ፣ ሴንሰሩን የሚያነብልን ዝግጁ ኮድ (ላይብረሪው) ንባቡን ይጥልና በምትኩ ናን ይሰጣል። 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርን፤ ሽቦውንም ወደ አንድ ሜትር አሳጠርነው። ናን ጠፋ።

ልጅቷ ሴንሰሩን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችበት። እርጥበቱ ከ41 ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ 88 ገባ። እትዬ ሲያዩት ሁለተኛ እፍ በይበት አሉ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተጻፈ ሳይሆን አየሩን እየተከተለ መሆኑን ያመኑት ያን ጊዜ ነው።

ልክ መሆኑን በምን አወቅን

ለእርጥበት ጨው ነው የተጠቀምነው። በጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው አድርገን፣ እርጥብ ጭቃ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግንበት። ክዳኑንና ሴንሰሩን ሳይነካኩ አንድ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገብተን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው። እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር በተለመደው የክፍል ሙቀት 75 በመቶ እርጥበት ላይ ይረጋል። አሳድረነው ጠዋት 77 አነበበ። ለሥራችን በቂ ነው።

ሙቀቱን በፈላ ውሃ ልክ እፈትሻለሁ የሚል ካለ ደብረ ብርሃን ላይ አይሰራም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ሴንሰሩም ራሱ ከ80 በላይ እንዲለካ አልተሰራም። እኛ ክሊኒክ ከሚሰራ ጎረቤት የመድኃኒት ፍሪጅ ቴርሞሜትር ተውሰን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ የሰቀልንበት ቦታ

ሴንሰሩን ከቦርዱ ጋር አንድ የላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከትተን በሰው ቁመት ልክ፣ ከአምፖሉ ገመድ አጠገብ ሰቀልነው። ለማየት ይመቻል ብለን ነው። 34 አነበበ። እኔ ደስ አለኝ።

እትዬ ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። ጫጩቶቹ ከአምፖሉ ሥር አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ይጮሃሉ። «ያንተ ማሽን ሞቋል ይላል። እነሱ ግን በርዷቸዋል» አሉ። ልክ ነበሩ። ሲበርዳቸው ይከመራሉ፤ ሲሞቃቸው ክንፋቸውን ከፍተው ከአምፖሉ ይሸሻሉ፤ ሲስማማቸው ደግሞ እንደተበተነ እህል ተዘርግተው ይተኛሉ።

የተሳሳትነው ሦስት ቦታ ላይ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እኛ የምንለካው የአምፖሉን ራስጌ ነበር። ቦርዱም ሲሰራ ይሞቃል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሴንሰሩ ጋር ሲሆን ንባቡን ወደ ላይ ይገፋዋል። የአምፖሉ ጨረርም በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ ከአየሩ በላይ ያግለዋል። ሴንሰሩን ከሳጥኑ አውጥተን ከጉዝጓዙ በላይ አንድ ጣት ርዝመት ያህል፣ ከአምፖሉ ክብ ዳር ላይ አወረድነው። ከላይ ትንሽ የካርቶን ጥላ አደረግንለት። 27 አነበበ። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ የሰባት ዲግሪ ልዩነት። አምፖሎቹን ዝቅ አደረግናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 33 ሆነ። ጫጩቶቹም ተዘርግተው ተኙ።

ያቺ ሌሊት

ኮዱ ቀላል ነበር። በየ30 ሰከንዱ ያነባል። ሙቀቱ ከ30 ካነሰ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ለእትዬና ለልጃቸው በቴሌግራም መልእክት ይልካል፣ ስልኩም ይጮሃል። ሦስት ሌሊት ያለችግር ሰራ። እትዬም ልባቸውን ጥለው መተኛት ጀመሩ።

በአራተኛው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «ምንም አላለም እኮ። አንድም አልጮኸም። እየሞቱብኝ ነው» አሉኝ። ስደርስ ከሁለቱ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሏል። ጫጩቶቹ በቀረው ሥር ተከምረው ከታች ያሉት ታፍነዋል። 11 ቆጠርን። እትዬ ከእንቅልፋቸው የነቁት መሣሪያው ቀስቅሷቸው ሳይሆን የድሮ ልማዳቸው ነው።

ሴንሰሩን ሳየው የዳታው ሽቦ ወልቋል። ወደ ጫጩቶቹ ቁመት ስናወርደው ለመንቁራቸው አመቻችተነው ኖሯል። ዝም ብሎ የሚሰካ ጀምፐር ሽቦ ነበር፤ በብየዳም አልተያዘም፤ እየነቆሩ ስበው አወለቁት። ይህ እንኳን ይገባል። ያልገባኝ መሣሪያው ለምን ዝም እንዳለ ነበር። ቦርዱ በርቷል፤ ዋይፋይም አለው።

መልሱ ያ «ናን» የሚለው ቃል ነው። ኮዱ «ሙቀቱ ከ30 ያንሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ናን ቁጥር ስላልሆነ ከማንኛውም ቁጥር ጋር ሲወዳደር መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። ከ30 አያንስም፣ ከ30 አይበልጥም፣ ከራሱ ጋርም እኩል አይደለም። ስለዚህ የሞተው ሴንሰር ለኮዱ የታየው ሙቀቱ እንደተስተካከለ ቤት ነው። በየ30 ሰከንዱ «ያንሳል?» «አይ» እየተባባለ ሌሊቱን አነጋው።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ክፍል ነው። ስህተቱ ከአንድ መስመር ኮድ አይበልጥም። ብዙ ሰው የሚጽፈውም እንደዚያው ነው።

ምን ቀየርን

ጥያቄውን ገለበጥነው። «ከ30 ያንሳል?» በሚለው ፈንታ «30 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ተረጋግጧል? ካልተረጋገጠ ጩህ» እንዲል አደረግነው። እንዲህ ሲሆን ናንም ሲመጣ ይጮሃል። ሽቦውን በካውያ በየድነው፣ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፍነው፣ ሴንሰሩንም መንቁር በማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ከበብነው።

ቀጥሎ ልጅቷ ያነሳችው ጥያቄ ከእኔ ሁሉ የቀደመ ነበር። «ጋሼ፣ መብራት ሲሄድስ?» አለች። መብራት ሲሄድ አምፖሉ ይጠፋል፣ ቦርዱ ይጠፋል፣ የቤቱ ራውተርም ይጠፋል። በጣም በምንፈልገው ሰዓት ሁሉም አብረው ዝም ይላሉ ማለት ነው።

ቴሌግራሙን ተውነው። በምትኩ ሁለተኛ ቦርድ ገዝተን የእትዬ አልጋ ራስጌ አስቀመጥን። ኢኤስፒ-ናው የሚባል ዘዴ አለ፤ ሁለት የኢኤስፒ ቦርዶች ያለ ራውተርና ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ሁለቱም በአንድ የዋይፋይ ቻናል ላይ መሆን ብቻ ነው ያለባቸው። የጫጩቱ ቤት ቦርድ በየደቂቃው ሙቀቱን ይልካል። የአልጋው ቦርድ ሙቀቱ ሲወርድ ባዘር በሚባል ትንሽ ድምፅ ማሰሚያ ይጮሃል። ዋናው ግን ሌላው ነው፦ አምስት ደቂቃ ምንም መልእክት ካልመጣለትም ይጮሃል። ሽቦ ቢወልቅ፣ ባትሪ ቢያልቅ፣ ቦርዱ ቢቃጠል፣ ምክንያቱን ማወቅ አይጠበቅበትም። መልእክት በደረሰ ቁጥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። እትዬ ከመተኛታቸው በፊት እሷን ያያሉ።

ለኃይል መጀመሪያ ፓወር ባንክ ሞከርን፤ አልሆነም። ቦርዱ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ስልክ ተነቀለ ብሎ ራሱን ያጠፋል። የሰራው ለራውተር የሚሸጠው፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥለው ትንሹ ዩፒኤስ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ነበራቸው፣ አንድ ጨመርን።

ቆርቆሮውም አስቸግሮናል። የዋይፋይ ሞገድ ቆርቆሮን አያልፍም። ቦርዱን የእንጨት መስኮቱ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ ስናስረው ተስተካከለ።

ያልተሳካውና ገና ያልተፈታው

በመጀመሪያው የባዘር ሌሊት መሣሪያው ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ለአፍታ ይወርዳል። እትዬ በሦስተኛው ቀን ነቅለውት ተኙ። አልፈርድባቸውም። በከንቱ የሚቀሰቅስ ነገር ሲጠፋ ነው ደስ የሚለው። አሁን ሦስት ተከታታይ ንባብ ካልወረደ አይጮህም። ናን ሲሆንም እንዲሁ ሦስት ጊዜ ይጠብቃል።

የእርጥበቱ ቁጥር በሦስተኛው ሳምንት መጨመር ጀመረ። በጨው ስንፈትሸው 75 ማንበብ የሚገባው 84 አነበበ። ከጉዝጓዙ የሚወጣው አሞኒያና አቧራው ሴንሰሩን እያበላሸው ነው። ንጹህ አየር ላይ ስናሳድረው ጥቂት ተሻለው፣ ግን ወደነበረበት አልተመለሰም። ሙቀቱ ላይ ለውጥ አላየንም። ስለዚህ እርጥበቱን እናየዋለን እንጂ ማንቂያ አላሰርንበትም። አሞኒያው በአፍንጫ የሚሸት ከሆነ ጉዝጓዙ መቀየር አለበት፤ ለዚህ ሴንሰር አያስፈልግም።

የማንቂያው ልክ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ መውረድ አለበት። ይህንን ልጅቷ እሁድ እሁድ ኮዱን እየቀየረች ነው የምታደርገው። ቦርዱ ሲጠፋ ቀኑን ስለሚረሳ በራሱ እንዲቆጥር ገና አላደረግነውም።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

የድንች መጋዘን ቢሆን፣ የችግኝ ቤት ቢሆን፣ የክትባት ፍሪጅ ቢሆን፣ መጀመሪያ ሴንሰሩን ነቅላችሁ እዩ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሽቦውን ሆን ብላችሁ አውልቁ። ከዚያ ኃይሉን አጥፉ። ከዚያ ራውተሩን። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚተኛው ሰው ይቀሰቀሳል ወይ? እኛ ይህን ሙከራ በመጀመሪያው ቀን አድርገነው ቢሆን አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ማንቂያውን የሚሰማው ክፍል ከሚለካው ክፍል ተለይቶ፣ በራሱ ኃይል መኖር አለበት። የሞተ መሣሪያ መሞቱን ራሱ ሊናገር አይችልም።

ሴንሰሩን ከመስቀላችሁ በፊት የዚያን ቤት ሰው ጠይቁ። ከብቱን፣ ጫጩቱን፣ ድንቹን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ከቁጥሩ ጋር ሲጋጭ ቁጥሩን መጠራጠር ይቀድማል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ከለውጡ ወዲህ አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባዘሩ ከ12 ደቂቃ በኋላ ጮኸ። እትዬ ማንደጃውን ውጭ አቀጣጥለው፣ ከሰሉ ከፈመ በኋላ አስገቡት። መስኮቱን በጥቂቱ ከፍተው ተዉት። ጭሱ ቢያልቅም የከሰሉ መርዝ አያልቅምና መስኮት መክፈቱ መቅረት የለበትም። መብራቱ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። አንድም ጫጩት አልሞተም።

አሁን ሌሊት የሚነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባናውን ገለጥ አድርገው በባትሪ ወደ መሬት ያያሉ፤ ተዘርግተው ከተኙ ይመለሳሉ።